በደመና የተቀመጠ መዝገብ በየት ምድር ነው?

ባለፈው ክረምት ለጥናት ሥራ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥተን በዘጌ ወደሚገኝ አንድ ገዳም ሄደን ነበር። በገዳሙ መምህር ፈቃድ ከዕቃ ቤት የወጡ ሁለት የብራና መጻሕፍት ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አነሣን። ሥራው አልቆ መጻሕፍቱ ወደ ማኅደራቸው ከተመለሱ በኋላ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ የሆኑ ሽማግሌ አባት ጠርተውን፥ «ልጆቼ፥ መጻሕፍቱ ይኸው ገብተዋል፤ ቅጠሉን ቆጥሬ ተረክቤአለሁ። እናንተ ያነሣችሁት ሥዕልስ የት ነው የሚቀመጠው? ማኅበሩ ቢጠይቀኝ ምን ብዬ ልመልስ?» አሉን። ከመካከላችን አንዱ፥ «አባታችን፥ በክላውድ ነው የሚቀመጠው፤ ደመና ማለት ነው» አለ። እሳቸውም በሐይቁ ላይ የተንጠለጠለውን የነሐሴ ደመና በዓይናቸው አሳይተው፥ «ይኼማ ሲዞር ነው የሚውለው» አሉ። በዚያን ጊዜ ሳቅን። በመመለሻችን ግን በጀልባው ላይ ተቀምጠን ነገሩን ስናወጣ ስናወርድ፥ ከእኛ አንድም ሰው ጥያቄውን በትክክል ሊመልስ እንደማይችል ታወቀን።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው። ዓላማችንም ስለ ጉዳዩ የሚሰጡትን መልሶች አንድ በአንድ እያነሣን መተቸት ነው፤ በተለይም በቅርብ ዓመታት በሕግና በቴክኒክ ሰዎች ዘንድ «መዝገቡ የት እንዳለ ማረጋገጥ ይቻላል» እየተባለ የሚነገረውን ነገር።

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ደመና የተባለው ነገር በምድር ላይ የተሠራ ቤት ነው። ብረት መደርደሪያ፥ ሰርቨር፥ ዲስክ፥ የኤሌክትሪክ ኀይል፥ ማቀዝቀዣና ዘበኛ አለው። በአዲስ አበባ የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የግል ኩባንያዎች እንዲህ ያለ የዳታ ማዕከል ሠርተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል። ብዙዎቻችን የምንጠቀምባቸው ታላላቆቹ የውጭ ኩባንያዎች ግን በአፍሪካ ምድር የዚህ ዓይነት ማዕከላቸውን የከፈቱት በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፥ አማዞን በ2020 በኬፕ ታውን፥ ጉግል በ2024 በጆሐንስበርግ። ደንበኛው ከዝርዝሩ ውስጥ አገር ይመርጣል፤ ኩባንያውም «መዝገብህ በዚያ ይቀመጣል» ብሎ በውሉ ላይ ይጽፋል። ታዲያ ይህ ቃል እንጂ ማስረጃ አይደለም። በዳኝነት አደባባይ ተከሳሽ ለራሱ ምስክር ሆኖ ቢቆም ማን ይቀበለዋል?

ሌሎች ደግሞ የሰርቨሩን የአይፒ ቁጥር ተመልክተው አገሩን ይናገራሉ። ይህ መልስ ብዙ ሊያቆየን አይገባም። የአይፒ ቁጥር እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ሣጥኑ በማን ስም እንደ ተመዘገበና ደብዳቤው በየት በኩል እንደሚገባ ይነግረናል፤ ባለ ሣጥኑ ሌሊት በየት ቤት እንደሚያድር ግን አይነግረንም። አንዱ ቁጥር በብዙ አገር ላሉ ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ የሚያገለግልበት አሠራርም አለ።

የሚያስደስተውና ረዘም ያለ ትችት የሚገባው በጊዜ መለካት የተባለው ዘዴ ነው። ለባሕር ዳር ሰው ይህን ለማስረዳት ከታንኳ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። አንድ መጽሐፍ በክብራን ገብርኤል ወይም በዳጋ እስጢፋኖስ እንዳለ ተነግሮናል እንበል፤ የትኛው እንደ ሆነ ግን አናውቅም። ክብራን ለባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ ዳጋ በሐይቁ መካከል ርቆ ይገኛል። አንድ ዲያቆን በደንገል ታንኳ ልከን፥ «ከመጽሐፉ ከአርባኛው ቅጠል ሦስተኛውን መስመር ገልብጠህ አምጣ» ብንለውና ጧት በ1 ሰዓት ወጥቶ ቀትር ሳይደርስ ቃሉን ይዞ ቢመለስ፥ መጽሐፉ በዳጋ ሊሆን አይችልም። የደንገል ታንኳ በግማሽ ቀን ዳጋ ደርሶ አይመለስምና።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ ማለት ያሻል። መስመሩን የምንመርጠው እኛ መሆን አለብን፤ ዲያቆኑም አስቀድሞ ሊያውቀው አይገባም፤ አለዚያ በቃሉ የያዘውን ጽፎ ከሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተኝቶ ይመለሳል። ሁለተኛም፥ ቢዘገይ ምንም አልተረጋገጠም፤ ነፋስ መልሶት ወይም ቡና ሲጠጣ ቆይቶ ይሆናል። ስለዚህ መፍጠን ቅርብነትን ያስረዳል እንጂ መዘግየት ሩቅነትን አያስረዳም። ሦስተኛውን ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እሱ ስለ ሆነ።

በኮምፒዩተር ዓለምም የተሠራው ይኸው ነው። ብራንድስና ቻውም እ.ኤ.አ. በ1993 በመልስ ፍጥነት ርቀትን የመገደብ ዘዴ አቀረቡ። በ2007 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ደግሞ ጁልስና ካሊስኪ፥ በሌላ ወገንም አቴኒዜና ጓደኞቻቸው፥ ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ሳያወርዱ ጥቂት ክፍሎቹን በዕጣ እየጠየቁ አስቀማጩ በእርግጥ እንደ ያዘው የሚፈትኑበትን መንገድ አሳዩ። ፒተርሰን፥ ጎንድሪና ቤቨርሊ በ2011 እነዚህን ሁለቱን አጋጥመው በክላውድ ያለ ፋይል በየት አገር እንዳለ ለመመርመር እንደሚረዱ ጻፉ። የታንኳው ፍጥነት በዚህ በኩል የብርሃን ፍጥነት ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ በሰከንድ አንድ ሺኛ (ሚሊሰከንድ) ውስጥ ደርሶ መልስ የሚችለው 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ቦታ ብቻ ነው። መልሱ በ5 ሚሊሰከንድ ከመጣ መላሹ ከ500 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ይህን ሕግ ኩባንያም ሆነ መንግሥት ሊሽረው አይችልም፤ የዘዴው ክብር ከዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ዘዴውን ወደ አገራችን ካርታ አምጥተን እንሞክረው። ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ ሲለካ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በባሕር ዳር ቆመን የአዲስ አበባውን ሰርቨር ብንጠይቅ መልሱ ቢፈጥን ቢፈጥን ከ3 ሚሊሰከንድ ትንሽ በላይ ይወስዳል። ይሁን እንጂ ከባሕር ዳር እስከ መተማ በቀጥታ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር ላይ እግሩን ተክሎ አዲስ አበባን የሚያካትት ክብ ሁሉ ወደ ሱዳን ምድር መግባቱ አይቀርም! ባሕር ዳር ያለ ምስክር ብቻውን «መዝገቡ በኢትዮጵያ ውስጥ ነው» ብሎ ለመመስከር አይበቃም ማለት ነው። በአዲስ አበባ የቆመ ምስክር ግን ይችላል፤ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚዞር ክብ ውስጥ የትኛውም ድንበር አይገባምና፥ መልሱ በ3 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከመጣ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ይመስላል ያልንበት ምክንያት አለን። በማይክሮዌቭ ሬዲዮ የሚሄድ መልእክት ከመስታወት ክሩ በግማሽ ያህል ስለሚፈጥን ክቡን ሊያሰፋው ይችላል።

ከዚህም የሚብስ አለ። የሚሽከረከር ዲስክ የተጠየቀውን ቦታ ለማግኘት እስከ 10 ሚሊሰከንድ ሊወስድበት ይችላል። መርማሪው ይህን አስቦ «ለዲስኩ 10 ሚሊሰከንድ እንተውለት» ካለ፥ ሳያውቀው 1,000 ኪሎ ሜትር ሰጠ ማለት ነው፤ ጅቡቲም አስመራም ከአዲስ አበባ በዚያ ርቀት ውስጥ ናቸው። ሊያታልል የፈለገ አስቀማጭ በውጭ አገር ፈጣን ማከማቻ ገዝቶ ለዲስክ የተተወለትን ጊዜ ለመንገድ ያውለዋል። ከሩቅ ላለው ማዕከል ሲሆን ደግሞ ዘዴው ሌላ ድክመት ያሳያል፤ ከባሕር ዳር እስከ ፍራንክፈርት 5,000፥ እስከ ኬፕ ታውን 5,400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በጊዜ ብቻ ሰሜኑን ከደቡቡ ለመለየት በልዩ ልዩ አገር ብዙ ምስክሮችን ማቆም ያስፈልጋል። እኛ ተማሪዎች ይህን ከየት እናመጣዋለን?

ይህ ሁሉ ግን የመለኪያ ጉዳይ ነው፤ መለኪያ ይሻሻላል። ትችታችን የሚጠነክረው ቀደም ብለን በቀጠሮ በተውነው በሦስተኛው ነገር ላይ ነው። ዲያቆኑ ቀትር ሳይደርስ ተመለሰ እንበል፤ መስመሩም ትክክል ነው። ተረጋግጦ የተገኘው «አንድ ቅጂ በክብራን አለ» የሚለው ብቻ ነው። በዳጋ ሌላ ቅጂ እንደሌለ ግን አልተረጋገጠም። ታንኳ ምንም ያህል ቢፈጥን ይህን ሊያረጋግጥ አይችልም። መኖርን በመለኪያ ማስረዳት ይቻላል፤ በሌላ ስፍራ አለመኖርን ግን አይቻልም። ሽማግሌው አባት «የት ነው የሚቀመጠው?» ሲሉ የጠየቁት፥ እንደ ገባን፥ «ከዚህ ወዲያ ማን እጅ አይገባም?» ማለታቸው ነበር። ዘዴው የሚመልሰው ያልተጠየቀውን ጥያቄ ነው።

ይህ የምናብ ፍርሃት እንዳይመስል ከዋና ከተማችን አንድ ነገር እንጥቀስ። በቻይና ገንዘብ የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ2012 በአዲስ አበባ ተመረቀ። በጥር 2018 ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ እንደ ዘገበው፥ ከ2012 እስከ 2017 ድረስ በየሌሊቱ ሰው በሌለበት ሰዓት ከኅብረቱ ሰርቨሮች መዝገብ እየተቀዳ ወደ ሻንጋይ ይሄድ ነበር። ቻይና ነገሩን ሐሰት ነው ብላ አስተባበለች፤ የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሙሳ ፋኪም ክሱን አልተቀበሉትም። እኛ በዚህ ላይ ዳኞች አይደለንም። የምንለው ይህን ነው፦ ዘገባው እውነት ቢሆን ኖሮ እንኳ፥ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የትኛውም መርማሪ ወደ ሕንጻው ገብቶ ሰርቨሩን በእጁ ዳስሶ «መዝገቡ በአዲስ አበባ ነው» ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም። የጊዜ መለኪያውም ይደግፈው ነበር። ነገሩ የታየ እንደ ሆነ ሊታይ የሚችለው በሌሊት የሚወጣውን ጭነት በሚቈጥር ሰው ዘንድ ነው እንጂ ቦታውን በሚለካ ሰው ዘንድ አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከኢትዮጵያውያን የሚሰበሰብ የግል ዳታ በአገር ውስጥ ባለ ሰርቨር ወይም የዳታ ማዕከል እንዲቀመጥ ያዛል፤ ተቈጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። (የብራና ፎቶግራፍ የሰው ዳታ ስላልሆነ የእኛን ጉዳይ ይህ ሕግ በቀጥታ አይነካውም። በፋይዳ መታወቂያ ምክንያት የጣት አሻራችንና የዓይናችን ምስል ስለ ተመዘገበ ግን እንደ ዜጋ ይነካናል።) የአዋጁን ቅን ሐሳብ እናደንቃለን። ነገር ግን «በአገር ውስጥ ይቀመጥ» የሚለው ትእዛዝ መኖርን የሚያዝ ነው፤ ሕዝቡ ከዚህ ትእዛዝ የሚጠብቀው ደግሞ በሌላ አገር አለመኖርን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል በአዲስ አበባ ሕንጻ በመሥራት ብቻ አይሞላም። ባለሥልጣኑ ኢንስፔክተር ቢልክ ኢንስፔክተሩ የሚያየው መብራቱ ብልጭ ብልጭ የሚል ብረት ነው። አንድን ፋይል ለጥንቃቄ ሲባል በሦስት ስፍራ መገልበጥ በዚህ ሥራ የተለመደ እንደ መሆኑ፥ ሁለተኛውና ሦስተኛው የት እንዳሉ ብረቱ አይናገርም።

ደግሞም ቦታ ብቻውን ባለቤትን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ መርማሪዎች በአየርላንድ አገር በደብሊን የተቀመጠ ኢሜይል እንዲያስረክብ ማይክሮሶፍትን በፍርድ ቤት ማዘዣ ጠየቁት። ኩባንያው «መዝገቡ ከአሜሪካ ውጭ ነው» ብሎ ተከራከረ፤ በ2016 በይግባኝ ረታ። ጉዳዩ በጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዳለ በመጋቢት 2018 አዲስ ሕግ ወጣና፥ የአሜሪካ ኩባንያ የያዘው መዝገብ በየትም ምድር ቢቀመጥ በሕግ ሲጠየቅ እንዲያስረክብ ተደነገገ፤ ክርክሩም ተዘጋ። የደብሊን አፈር ምን ጠቀመ? እኛንም እናስታውስ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፥ በባሕር ዳር ለተቀመጠ ተማሪ መዝገቡ በአዲስ አበባ ቢሆን ወይም በኬፕ ታውን ቢሆን ልዩነት አልነበረውም። ሁለቱም ሰማይ ነበሩ።

አንዳንድ አንባቢ «ቅጂ ወደ ውጭ መሄዱ አዲስ ነገር ነውን?» ሊለን ይችላል። አይደለም። የጣና ደሴቶችን መጻሕፍት ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 በማይክሮፊልም አንሥተዋል። የክብራን መጻሕፍት ዝርዝር በ1973፥ የደብረ ማርያምና የሬማ በ1977 ታተመ፤ ሦስተኛውን ቅጽ ቬሮኒካ ሲክስ በ1999 አወጡ። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት አንሥቶ ቅጂውን በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ አስቀምጧል። ፊልሙ መሄዱን ወደድንም ጠላንም፥ ፊልም ዕቃ ነበር። ጥቅል ነበረው፤ ጥቅሉም ቁጥር ነበረው፤ ሁለተኛ ለማድረግ ጨለማ ክፍልና ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ዝርዝሩም ታትሞ ስለ ወጣ የክብራን መነኮሳት ልጅ ልጆች የትኛው መጽሐፍ እንደ ተነሣ በመጽሐፉ ቁጥር ሊጠይቁ ይችላሉ። የእኛ ሁለት መጻሕፍት ፎቶግራፎች ግን ያለ ማንም ትእዛዝ በአንድ ሌሊት ከስልክ ወደ ክላውድ፥ ከክላውድ ወደ ጓደኛችን ላፕቶፕ ተገልብጠው አገኘናቸው። ይህን ያደረገ ሌባ አልነበረም፤ ስልኩ ራሱ ነው። በዚህ የኛ ጥፋት አለበትና አንሸሽገውም።

እንግዲያው መርማሪ «የት ነው?» ብሎ ከመነሣቱ በፊት «የማን ቁልፍ ይከፍተዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል እንላለን። ፋይሉ ከመላኩ በፊት በባለቤቱ እጅ በሚቀር ቁልፍ ከተቆለፈ፥ በሦስት አገር ቢገለበጥ ሦስት ያልተከፈተ ሣጥን ነው። የጊዜ መለኪያውንም አንንቀውም፤ አንድ ቅጂ በቅርብ መኖሩን ማወቅ መብራት ወይም መስመር ሲጠፋ ትልቅ ነገር ነው። ሕጉንም የሚያስፈጽሙ ሰዎች በየሌሊቱ የሚወጣውን ጭነት እንዲቈጥሩና የቅጂዎቹን ዝርዝር በፊርማ እንዲቀበሉ ብንጠይቅ ከድፍረት አይቈጠርብንም።

በጥቅምት ወደ ገዳሙ ተመለስን። በየስፍራው የተበተነውን አጥፍተን፥ የቀረውን ቆልፈን፥ ቁልፉን በትንሽ ፍላሽ አድርገን ለሽማግሌው አባት ሰጠናቸው። «አባታችን፥ ሥዕሉ በየት ምድር እንዳለ ምለን ልንነግርዎ አንችልም፤ ያለዚህ ግን አይከፈትም» አልናቸው። ፍላሹን በመዳፋቸው እያገላበጡ አዩትና፥ «ሌላ ቁልፍ አላችሁ?» አሉ። አንድ በመምህራችን ዘንድ እንዳለ ነገርናቸው። መዝገባቸውን አውጥተው ቀኑን፥ የሁለቱን መጻሕፍት ስምና «ቁልፍ ሁለት» የሚለውን አጻፉን፤ እየተፈራረቅን ፈረምን። ፍላሹን በጨርቅ ጠቅልለው ከዕቃ ቤቱ መክፈቻ ጋር ካሰሩት በኋላ፥ በር ላይ ስንደርስ እንደገና ጠሩን፦ «ሦስተኛ እንደሌለስ በምን አውቃለሁ?»